ናፍጣ፣ ፀሐይና የእትዬ መቀስ ሳንባ

እትዬ መቀስ የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለምላሷም ጭምር ነው። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሙሽራ ሆዷን ወደ ውስጥ ስትስብ ካየች፣ "ተንፍሺ የኔ እመቤት፣ ኋላ ቁልፉ ተፈናጥሮ የሙሽራውን ዓይን እንዳያጠፋው" ትላለች። ሙሽራዋም ስቃ ትተነፍሳለች። እንዲህ ስትናገር፣ ስትቀድና ስትሰፋ ኖራ ኖራ ሳንባዋ ከዳት።

ሐኪሙ ያዘዘላት ማሽን ከአልጋዋ ራስጌ ተቀመጠ። ትንሽ ሻንጣ የሚያህል ነው፤ ከክፍሉ አየር ኦክስጅኑን ለቅሞ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ ይልካል። ችግሩ መብራት ይፈልጋል። በዚያ ሰፈር መብራት እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲሄድም አይሰናበትም።

ሁለቱ ወንዶች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ታናሽ ወንድሟ፣ በያጅ ነው፤ ከግቢው ጀርባ በርና መስኮት ይሠራል፣ ልጆቹንም ያስተማረው በናፍጣ ጄኔሬተሩ ነው። ሁለተኛው የልጇ ባል ነው፤ ሥራው ሶላር መግጠም ነው፣ ከነሚስቱ እዚያው ግቢ ይኖራል። አማችየው ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳ ደርድሮ ባትሪውን ኮሪደር ውስጥ አስቀመጠና፣ "ከእንግዲህ እማማ በፀሐይ ነው የሚተነፍሱት" አለ።

"እህቴ የተሰጣ እህል ናት እንዴ በፀሐይ የምትኖረው?" አለ ወንድምየው።

ነገሩ የከረረው ግን በጭሱ ነው። የጄኔሬተሩ ጥቀርሻ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው ሰሌዳው ላይ ነው። አማችየው በየሳምንቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይወለውላል፣ እየወለወለም ያጉተመትማል። አንድ ቀን፣ "የጋሼ ሞተር ሰሌዳዬን ብቻ መሰላችሁ ያጠቆረው? የእማማን ሳንባም እሱ ነው" ብሎ አመለጠው። አፍ ይቀድማል፣ ምን ይደረግ። ወንድምየው ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ ሰላምታ እንኳ በልጅቷ በኩል ሆነ። "ለአጎትሽ እንዴት አደሩ በይልኝ።" "ለባልሽ ደህና ነኝ በይው።" ድሮ ቢሆን እትዬ መቀስ ሁለቱንም ልክ ልካቸውን ትነግራቸው ነበር፤ አሁን ግን ረጅም ነገር ከጀመረች ሳትጨርሰው ትንፋሿ ያልቃል።

ዝናብ ገባ። ዛፍ ወድቆ የሰፈሩን መስመር በጠሰው፤ መብራት ሄደ፣ ሳምንት ይፈጃል ተባለ። ፀሐይዋም ብቅ አልል አለች። መጀመሪያ ባትሪው ያዘ። እሱ ሲደክም ወንድምየው ጄኔሬተሩን አስነሳ፤ ደስ እያለው ነው ያስነሳው፣ አትጠራጠሩ። ግን ያ ሞተር ለብየዳ የመጣ አውሬ ነው፤ ለአንዲት ሴት ትንፋሽ ብሎ ቀን ከሌት ሲያጓራ ናፍጣውን ጨለጠው። ማደያው ደግሞ መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ባዶ ሆኗል። የቀረው አንድ ጀሪካን ነው፣ እሱም ጎደሎ። ሞተሩን አጠፉትና ማሽኑን ባትሪው ውስጥ በቀረችው ጭላጭ ላይ ሰኩት።

ልጅቷ የባትሪውን ቀይ መብራት አየች፣ ጀሪካኑን አየች። "እማዬ እስከ ነገ አትደርስም" አለች፤ ለማን እንዳለችው እሷም አታውቅ። ወንዶቹ ከክፍሉ በር ግራና ቀኝ ቆመው አንዱ ጣሪያውን፣ አንዱ ወለሉን ያያል።

የሚያናድደው፣ መላው እጃቸው ላይ ነበረ። ትልቅ ሞተር ትንሽም ሠራ ብዙ፣ የሚጠጣው ናፍጣ ያን ያህል አይራራቅም። ለማሽኗ ብቻ ከሚያጓራ፣ ለጥቂት ሰዓት ባትሪውን ሞልቶ ቢጠፋ፣ የቀረውን ባትሪው በዝምታ ይወጣው ነበር። አማችየው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን "የኔ ባትሪ ናፍጣ አይቀምስም" ብሎ በሰው ፊት ምሏል። ወንድምየውም ጠርጥሯል። ግን እሱ አማችየውን ሊጠይቅ? ሞቶ ይገኛል እንጂ።

እትዬ መቀስ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ቱቦውን ከአፍንጫዋ አወለቀች፣ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ማሽኑንም ጠቅ አድርጋ አጠፋችው።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ልጅቷ።

"ዝም በይ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "እነዚህ… ካልተነጋገሩ… እኔም አልተነፍስም።"

ከንፈሯ መጥቆር ጀመረ። ይህን የሚችል ምን አንጀት አለ? መጀመሪያ የተሸነፈው ወንድምየው ነው። "ስማ አንተ ልጅ፣" አለ ወደ አማችየው ዞሮ፣ "ያ ባትሪህ በእኔ ሞተር ይሞላል?"

"ይሞላል ጋሼ። መሙያው አለኝ፣ እሱን የሚችል ወፍራም ገመድ ነው ያጣሁት።"

"እኔ ቤት ገመድ ሞልቶ?"

"ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ነገር…"

"እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ እህቴ ትተንፍስ።"

ልጅቷ ማሽኑን አስነስታ ቱቦውን መለሰች። ሞተሩ ጥቂት ሰዓት አጓርቶ ጠፋ፤ ባትሪው ቀጠለ። ሰማዩ ፈገግ ባለ ቁጥር ሰሌዳው የሚችለውን ይለቅማል፣ የጎደለውን ሞተሩ ይሞላል። ያቺ ጎደሎ ጀሪካን ማደያው እስኪከፈት አደረሰቻቸው። እትዬ መቀስ ሁለቱን አልጋዋ አጠገብ ጠርታ እጃቸውን ያዘች፤ "ዕድሜዬን ይስጣችሁ" ብላ አለቀሰች። ሊጠይቋት ለሚመጡ ደንበኞቿም፣ "ሳንባ ነሳኝ ብዬ ፈጣሪዬን አማርሬው ነበር። ለካስ ሁለት ሰጥቶኛል፤ ጉዱ አለመነጋገራቸው ነበር እንጂ" እያለች፣ በየመሀሉ እያረፈች ታወራለች። ተመስገን ማለት አበዛች።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ መስመሩ ገና ሳይጠገን፣ ሁለቱ ግቢው ውስጥ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ጭሱ ከጣሪያው እንዲርቅ አዲስ ቧንቧ እየለኩ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ይርዘም ይላል፣ ሌላው ይጠምዘዝ። እትዬ መቀስ በመስኮት ታያቸዋለች። በዚህ መሀል መብራት ከሄደ ጀምሮ ማብሪያው ሳይጠፋ የቀረው የወጥ ቤት አምፖል ቦግ አለ። ልጅቷ መብራት መጣ ብላ ልትነግራቸው ስትሮጥ እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻት።

"አትንገሪያቸው" አለቻት። "መብራት ነገም ይመጣል።"