የሁዳዴ ውሃ

ጉንፋን ይዞኝ ሰነበተና ትናንት እናቴ ፌጦ እንድገዛ ጎሮ ገበያ ላከችኝ። አፍንጫዬ ዝግ ስለነበር የገበያው ሽታ አልደረሰኝም። ሻጯ ደቃቆቹን ቀያይ ፍሬዎች በስኒ ሰፍራ ፌስታሌ ውስጥ ስትገለብጣቸው ግን ሽርር ያለው ድምፅ ጎትቶ አሥራ አንደኛ ክፍል መለሰኝ።

ያኔ ቤታችን ከጎሮ ዝቅ ብሎ ወንዝ አጠገብ ነበር። ወንዝ ስል ከልቤ አይደለም፤ በበጋ ድንጋይና ፌስታል ነው። ዳሩ ላይ እትዬ ዘሪቱ የሚባሉ የወሎ ሴት ሰላጣ ይተክሉ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት ከዚያች ቁራሽ መሬት ነው። በዚያ ዓመት ወንዙ ቶሎ ደረቀ፤ የቀረው ከላይ ካለችው ትንሽ ቄራ በቦይ የሚወርደው እጣቢ ብቻ ሆነ።

«አንቺ ተማሪ አይደለሽም?» አሉኝ አንድ ቀን፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «ይሄ ውሃ ቡቃያዬን ይገድለዋል አይገድለውም? ንገሪኝ እንጂ!»

ለባዮሎጂ ፕሮጀክት ርዕስ አጥቼ ስዞር ነበርና ዘልዬ ያዝኩት። ከቦዩ አንድ ጠርሙስ ቀዳሁ። ሁለት ሳህን ላይ ጥጥ አንጥፌ ሃያ ሃያ የፌጦ ፍሬ በተንኩ፤ አንዱን በቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን በቄራው ውሃ አራስኩ። ፌጦን የመረጥኩት ቶሎ ስለሚበቅል ነው፤ መጠበቅ አልወድም። በአራተኛው ቀን ሥሮቹን በማስመሪያ ስለካቸው እኩል ሆኑ። እንዲያውም የቄራው ትንሽ በለጥ ይል ነበር።

መምህራችን ደብተሬን አገላብጠው፣ «አንዴ ብቻ ነው የቀዳሽው?» አሉኝ።

«ውሃው ያው ነው፣ ቲቸር።»

«ያው መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ደብተሬን ከእጃቸው ተቀበልኩ። በቀጥታ ወደ እትዬ ዘሪቱ ሮጥኩ። «ያጠጡ! አረጋግጫለሁ!»

አጠጡ። ሰላጣው እንደ ጉድ አማረ፤ እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የተከልኩት ይመስል ቆም ብዬ አየው ነበር።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ማክሰኞ ጠዋት ብቅ ስል ሰላጣው ጫፍ ጫፉ ተቃጥሎ ተኝቷል። መሬቱ ላይ የረጋ ስብ የመሰለ ነገር ጋግሯል። ቦዩ ቀይ ነው።

«እንዲህ ቀልቶ እያዩት ለምን ለቀቁት?» አልኩ፣ ጥፋቱን ወደሳቸው ለማዞር።

«አረጋግጫለሁ አላልሽም?»

ጎንበስ ብዬ የጋገረውን ስብ በእንጨት ጫርኩ። እሳቸውም የሞተ ቅጠል እየነቀሉ፣ «መቼ ነበር የቀዳሽው?» አሉኝ።

«ጾሙ በገባ... በሁለተኛው ሳምንት።»

«ወላሂ!» ሳቅ አመለጣቸው፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። «ሁዳዴን ሙሉ ሽሮ ስትበዪ ከርመሽ! የናንተ ሰው ሥጋ ካልበላ ቄራው ምኑን ያርዳል? እኔ ስለማልጾም ልርሳ፤ አንቺ ምን ነካሽ?»

ሆዴ የሚያውቀውን ጭንቅላቴ ረስቶት ነበር። የፈተንኩት ሥራ የፈታ ቄራ ወለሉን ያጠበበትን ውሃ ነበር።

ያንኑ ዕለት ከቀዩ ቦይ ቀዳሁ። ከሃያው ፍሬ አንድም አልበቀለም። አንዱን ጣሳ በአሥር ጣሳ ንጹሕ ውሃ ስበርዘው ግን ፍሬው በቀለ። ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ውጤት አነበብኩ፤ የሰላጣውንም ነገር አልደበቅኩም። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

እትዬ ዘሪቱ መደቡን እንደገና ቆፍረው ተከሉ። ክረምት እስኪገባ ከትምህርት ቤት መልስ ከቧንቧችን ውሃ በጀሪካን ተሸከምኩላቸው። በመጀመሪያው ቀን ይቅርታ ብጠይቃቸው መልሳቸው፣ «አታንጠባጥቢው» ነበር። በሐምሌ አንድ ሰላጣ ነቅለው ከነአፈሩ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ እሳቸውም ወደ አያት ሰፈር ሄደዋል አሉ። እኔ ግን «ተረጋግጧል» የሚል ሰው በገጠመኝ ቁጥር፣ መቼ ቀድተህ? ልለው ምላሴን ይበላኛል።

ትናንት ፌጦው ከመወቀጡ በፊት ሃያ ፍሬ ቆጥሬ ወሰድኩና ሳህን ላይ እርጥብ ጥጥ አነጠፍኩ።

«ለጉንፋን መስሎኝ?» አለች እናቴ።

«ነው» አልኳትና የሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀኑን ጻፍኩ።