ጥንዚዛዋና የክርስትና ስሜ

ልጆቼን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ በወሰድኳቸው ቁጥር፣ ነርሷ ጥጡን አልኮል ነክራ ክንዳቸውን ስትጠርግ፣ ሽታው ሐይቅ ዳር ወዳለው የልጅነት ግቢያችን ይመልሰኝ ነበር፤ እዚያ አርፎ የነበረ አንድ መምህር ጥንዚዛ የሚያኖርባቸው ጠርሙሶች እንዲሁ ይሸቱ ነበርና።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ መምህሩ በመጣበት ዓመት በጋ አባቴን ለሚሊሻ ስሙን በወረቀት ጽፈው ወስደውት ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ደብተር የያዘ ሰው ስታይ በሯን ትዘጋ ነበር። ሰኔ ሲገባ ግን ያ ጥንዚዛ የሚያጠና መምህር ከአዲስ አበባ መጣና፣ በገበሬ ማኅበሩ ትእዛዝ ከግቢያችን ባለችው ትርፍ ጎጆ አረፈ። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ሐይቁ ዳር ወርዶ ድንጋይ እየገለበጠ፣ የከብት እበት እየፈነቀለ ይውል ነበር።

«ጤነኛ ሰው እበት ውስጥ ምን ይፈልጋል?» ትል ነበር እናቴ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሰይድም፣ «ሐይቁን እየለካ ነው ወላሂ፤ ጥንዚዛው ሽፋን ነው» ይላት ነበር።

ሐምሌ ላይ እንጨት ስለቅም ከበሰበሰ የሾላ ግንድ ውስጥ አንዲት ጥንዚዛ አግኝቼ፣ በቅጠል ጠቅልዬ ወሰድኩለት። በማጉያ መነጽር አገላብጦ ካያት በኋላ፣ እንደ እሷ ያለች በየትኛውም መጽሐፍ እንዳልተጻፈች ነገረኝ፤ ስትሞት ቀለሟ ስለሚጠፋም በሕይወት እያለች ያየሁትን ሁሉ ጠየቀኝ። ጀርባዋ ውሃ ላይ እንደ ፈሰሰ የኑግ ዘይት እንደሚያብለጨልጭ፣ ሲነኳት ሲጥ እንደምትል፣ ስትፈራ እግሯን ሰብስባ የሞተች እንደምትመስል ነገርኩት፤ አንዱንም ሳያስቀር ጻፈው። በመጨረሻ ስሜን ጠየቀኝ። የልጅ ስም በወረቀት ሲሰፍር ያየሁት የንስሐ አባታችን ለጸሎት ሲጽፉ ብቻ ስለ ነበር፣ አለሚቱ የሚለውን መጠሪያዬን ትቼ የክርስትና ስሜን ሰጠሁት። እሱም ጥፍር በምታህል ወረቀት ላይ ጻፈና ከጥንዚዛዋ ሥር በመርፌ ሰካው።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ እናቴ ነገሩን ሰማች።

«ስምሽን ጠየቀሽ?»

«አዎ።»

«የቱን ሰጠሽው?»

«የክርስትናዬን» አልኳት። የክርስትና ስም ለባዕድ አይሰጥም፤ መተተኛ እጅ ከገባ ሰውን ያጠፋል ይባል ነበር። የእኔው ደግሞ በመርፌ ተወግቷል። እናቴ ነጠላዋን በወጉ እንኳ ሳትለብስ ወደ ጋሽ ሰይድ ሮጠች።

ጋሽ ሰይድ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር መጥቶ የመምህሩን ሳጥን አስከፈተ። ጥንዚዛዎቹ ተሰልፈው፣ ከየሥራቸው ስም ተሰክቷል።

«እነዚህ ሁሉ የድርጅትህ አባሎች ናቸው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥንዚዛ ያገኙ ሰዎች ናቸው።»

«አዲስ አበባ ጥንዚዛ ጠፍቶ ነው?»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። መምህሩ ግን ላብ አጠመቀው፤ ያን ጊዜ ፀረ አብዮት ተብሎ ወደ አውራጃ የተላከ ሰው ሲመለስ አላየንም ነበር።

ጋሽ ሰይድ ደብተሩን ይዞ እኔን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ። «ምን ብለሽ ነው ያጻፍሽው? እንዳትዋሺኝ!» አለኝ። ሁሉንም ደገምኩለት። እሱ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ስለ ነበር፣ ጣቱን ከየቃሉ ሥር እያስሄደ «የ... ኑግ... ዘይት» እያለ ከአፌ ጋር ያስተያየው ጀመር። «ሲጥ ትላለች» የሚለው ላይ ሲደርስ ደብተሩን ዘጋና ወደ መምህሩ ዞረ።

«ሰላይስ አይደለህም፤ ያመመህ ሰው ነህ። አላህ ያሽርህ!»

ሁሉም ሲስቁ እናቴ አልሳቀችም። «የልጄን ስም መልስልኝ» አለችው።

መምህሩ መርፌውን ነቅሎ ወረቀቷን ሰጣት። ተቀብላ አፏ ውስጥ ጨመረችና ዋጠቻት። ዘጠኝ ሰዓት ገና አልሞላም፤ ጾሟን እንደ ያዘች ነበር።

«እንግዲህ ማን አገኛት ልበል፣ እትዬ?»

«የፈጠራት ያውቃታል።»

መስከረም ሲጠባ መምህሩ ሄደ። ያቺን ጥንዚዛ መጽሐፍ ላይ ያስፍራት አያስፍራት እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር እንደ ወጣ ቀረ። እናቴን በዚያች ቀን ምክንያት ብዙ ጊዜ አኩርፌያት ነበር፤ ያኔ የታየኝ የጥንዚዛዋ ነገር ብቻ ነበርና።

ዛሬ የልጆቼን ስም በየወረቀቱ የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። ለዚህ ላደረሰኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። የክርስትና ስማቸውን ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም አልነግራቸውም።