ሲስተር ሩት ያወሩት፣ አባዬ የተረጎመው

ልጅ ሳለሁ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው የሚዋሽ አይመስለኝም ነበር። አባዬ ደግሞ እንግሊዝኛ ይችላል፤ ከውጭ ለሚመጡ ሰባኪዎች የቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ እሱ ነበር። ስለዚህ አባዬ አይዋሽም። ይህ እምነቴ ምን እንዳሳጣኝ የገባኝ ዘንድሮ ነው።

ያኔ ከጉርድ ሾላ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ሲስተር ሩት ተከራይተው ሦስት ዓመት ኖረዋል። በቤተ ክርስቲያኗ ክሊኒክ የሚሠሩ ነርስ ነበሩ። አገራቸው አሜሪካ ቢሆንም ፈረንጅ ሲባሉ ደስ አይላቸውም፤ ፈረንጅ አገሩን ሳይወስድበት በፊት በዚያ ሜዳ ላይ በፈረስ ይኖር የነበረው የኮማንቼ ሕዝብ ልጅ ነኝ ይሉ ነበር። በክረምት መብራት በሚጠፋበት ምሽት፣ እሱም በየሁለት ቀኑ ነበር፣ እናቴ ከእንጦጦ የወረደ የባሕር ዛፍ እንጨት አንድዳ ማንደጃውን በረንዳው ላይ ታወጣለች፣ ፋኖሱ ምስማሩ ላይ ይሰቀላል፣ የጎረቤት ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ጭሱም ዓይናችንን እያስለቀሰን ሲስተር ሩት የአያታቸውን አባት ታሪክ ይጀምራሉ።

እኚህ የአያታቸው አባት የተከበሩ የጎሳ መሪ ነበሩ። ሲስተር ሩት ስማቸውን አይጠሩም፤ በእነሱ ዘንድ የሞተ ሰው ስም እንዲሁ አይነሣም አሉን። ልጆቹ ስማቸው ማን ነው እያሉ ሲነዘንዙ ግን አባዬ ጊዜ አላጠፋም፣ «ፊታውራሪ» አላቸው፤ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሰውየው ፊታውራሪ ሆነው ቀሩ። ፊታውራሪ ሲቆጡ አባዬ ከወንበሩ ይነሣል፣ እጁን ዘርግቶ ያዛል፣ ድምፁን ያወፍራል። ሲስተር ሩት የሚያወሩት ቀስ ብለው፣ ፍሙን እያዩ ነበር። እኛም ዝም ብለን የምንጠብቀው የአባዬ ተራ እስኪደርስ ነው።

ደጋግመን የምናስወራቸው መጨረሻውን ነበር። ፈረንጆቹ ጎሹን ፈጅተውባቸው፣ ረኀቡ ሲጠና፣ መሪው ወደ ወታደሮቹ ምሽግ ሄደው እጃቸውን ለመስጠት ይወስናሉ። በአባዬ ትርጉም ፊታውራሪ ብድግ ብለው «ተከተሉኝ» ይላሉ፤ ሕዝቡም አንድ ሳይቀር ግልብጥ ብሎ ይከተላቸዋል። እናጨበጭባለን። ሲስተር ሩት ጭብጨባው ግራ እየገባቸው ፈገግ ይሉልናል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ እንግሊዝኛዬ ትንሽ ተሻሻለ። አንድ ምሽት እንደ ሁልጊዜው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሌላ ነገር ሰማሁ። መሪው ማንንም አላዘዙም፤ በእነሱ ደንብ መሪ ያማክራል እንጂ አያስገድድም። የገዛ ወንድማቸው አልሄድም ብሎ የሕዝቡን ግማሽ ይዞ በሌላ በኩል ሄደ። መሪውም ሊለያዩ ሲሉ አንድ ነገር አሉት። ምን እንዳሉት ሳልይዝ አባዬ ተነሣና «ተከተሉኝ» አለ።

በማግስቱ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ስጠይቀው አልተደናገጠም። «የገዛ ወንድሙ ያልሰማውን ሰው ማን መሪ ይለዋል? ለክብራቸው ብዬ ነው» አለኝ። ሲስተር ሩትን ራሳቸውን እንዳልጠይቅ አባቴን ማሳጣት መሰለኝ። ነገ ዛሬ ስል ሥራቸውን ጨርሰው አገራቸው ገቡ።

ዘንድሮ የልጅ ልጃቸው የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች አፈላልጋ መልእክት ላከችልኝ። ሲስተር ሩት አርፈዋል። ለቤተሰባቸው ታሪኩን ቆንጠር እያደረጉ ነው የነገሩት፤ ሙሉውን ያወራሁት አዲስ አበባ ነው ይሉ ነበር አለችኝ። የሁለቱ ወንድማማቾች ዘሮች ከዚያ መለያየት ወዲህ አንድ ላይ ተሰብስበው አያውቁም። አሁን ሊገናኙ ነው፤ መሪው ለወንድማቸው ያሉትን ቃልም እዚያ ማንበብ ይፈልጋሉ። አንቺ ሰምተሻል አይደል? ትለኛለች።

ቅዳሜ አባዬን እንጦጦ ፓርክ ይዤው ወጣሁና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ጠየቅሁት። ፊታውራሪ ሲነሡ ፊቱ በራ፤ ሰማንያ ዓመቱን ረስቶ ብድግ ሊልም ቃጣው። ተው አልኩት። የአንተን ሳይሆን የሳቸውን ንገረኝ፣ ሲስተር ሩት ምን ነበር ያሉት ብዬ ለመንኩት። 

«አልሰማሁትም እኮ ልጄ» አለኝ። «እሳቸው እዚያ ጋ ሲደርሱ እኔ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር።»

እንደዚያ ቀን በአባቴ ተናድጄ አላውቅም። እዚያው ትቼው ልወርድ ምንም አልቀረኝም። ሦስት ክረምት ሙሉ የሰው አደራ በረንዳችን ላይ ሲቀመጥ እሱ ለጭብጨባ ይሰናዳል። ይህንኑ ልነግረው ስል ግን የራሴው ጥፋት ትዝ አለኝ፤ ያን ምሽት የመሪውን ቃል ያልያዝኩት እንግሊዝኛው ከብዶኝ አልነበረም። ዓይኔ አባዬ ላይ ነበር፤ አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል እያልኩ።

ዛሬም ፊታውራሪን ከነድምፃቸው አንድ ቃል ሳልስት ማውራት እችላለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ለልጅቱ ስጽፍ አባዬን አላነሣሁትም። አያትሽ ሁሉንም ነግረውናል፣ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፣ ግን አላዳመጥኳቸውም ብዬ ላክሁላት።