ማይኩን ያልመለስኩ ቀን

ካናዳ ውስጥ፣ ቶሮንቶ ከተማ ሬክስዴል ሰፈር በሚገኝ ፋብሪካ የመኪና ወንበር ልብስ እንሰፋ ነበር። ተቆርጦ የሚመጣልን ጨርቅ ከሜክሲኮ ነው። አጠገቤ የምትሰፋው ጓደኛዬም የዚያው አገር ሰው ናት። እዚያ ሳለች ከሴት ጋር እንደምትኖር አለቃዋ ሰምቶ ከስፌት ሥራዋ አባረራት። ይህን ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ።

ካናዳ፣ አሜሪካና ሜክሲኮ የንግድ ስምምነታቸውን እንደገና ሲደራደሩ የሠራተኛ ሐሳብ የሚሰማበት ስብሰባ ተጠራ። ከእኛ ክፍል አንድ ሰው እንዲናገር ተፈለገ። ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ።

«እኔ ከተናገርኩ ወሬው እናቴ ጋ ይደርሳል። ስሜን ሳትጠሪ አንቺ ንገሪያቸው።»

እኔ! ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት! አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ሰው ያየኛል ብዬ ለመውረድ ሲፈለግ የሚሳበውን የደወል ገመድ አልስብም፤ ሌላ ሰው ካልሳበው ፌርማታዬ ያልፈኛል።

አብረውን የሚሠሩት፣ እትዬ የምላቸው የአገሬ ሴት፣ ስለ ምን እንደምናገር ሲሰሙ ሳቁ። «አንቺ? ገመድ የማትስቢዋ?» ከዚያ ኮስተር አሉ። «ደግሞ የእነዚያ ሰዎች ነገር ምን አገባሽ? ሐበሻው ቢሰማ ምን ይልሻል?»

«እትዬ፣ እርስዎን ሲያረግዙ ከሥራ ያስወጡዎት ጊዜም ምን አገባኝ ነበር ያለው ሰው ሁሉ።»

ወደ ማሽናቸው ተመለሱ። በስብሰባው ቀን ግን መጥተው ከኋላዬ ተቀመጡ።

ተራዬ ሲደርስ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሁለት ሴቶችን ነገር ተናገርኩ፤ አንዷ በማርገዟ፣ ሌላዋ አብራት በምትኖረው ሰው ምክንያት መባረራቸውን። ሰብሳቢዋ «እንዲህ ያለውን በደል የሚከለክል ቃል ስምምነቱ ውስጥ ይግባ ትያለሽ?» ስትለኝ እንደ አገሬ ልማድ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ መለስኩላት።

ደነገጥኩ መሰላት። «ይቅርታ፣ ከከበደሽ ተዪው» አለች። አንድ ሰውዬ ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«ኧረ አዎ ማለቷ ነው!» ብለው እትዬ በአማርኛ ጮኹ። ማንም አልገባውም። ማይኩን በሁለት እጄ ጨብጬ «ይግባ!» አልኩ በእንግሊዝኛ። አዳራሹ ድምፄን መልሶ አሰማኝ። አልጠላሁትም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እትዬ «በይ ገመዱን ሳቢው!» አሉኝ። በደስታ ብዛት አንድ ፌርማታ ቀድሜ ሳብኩት። የቀረውን መንገድ እየሳቅን በእግራችን ሄድን።

ስምምነቱ ሲፈረም በእርግዝናም ሆነ በፆታ ዝንባሌ ምክንያት ሠራተኛ መድልዎ እንዳይደርስበት የሚል ቃል ገብቶበት ነበር። ስንት ሰው እንደለፋበት አላውቅም። ጓደኛዬ ግን ዜናውን ስትሰማ ማሽኗን አቁማ፣ ተቆጣጣሪው እያየን፣ አቀፈችኝ። እኔም አላፈርኩም።