በዋሻው ዝም ያለው ሕፃን

እትዬ ኡሙሀኒ የዓልዩ አምባ አዋላጅ ነበሩ። ልቅሶውን ሰምተው ብቻ የታመመውን ሕፃን ከተራበው ይለያሉ ይባላል። የሚከራከራቸውን ግን አይወዱም፤ ውሃ ቀጠነ ብለው የሚቆጡ ሴት ነበሩ።

ጣሊያን አንኮበር በገባ በሁለተኛው ዓመት ወታደሮቹ ወደ መንደሩ ሲወርዱ ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ ሸሸ። የነጋዴው የሰላሀዲን ሚስት ሰሊሃ እየሮጠች ምጥ መጣባትና ዋሻ ውስጥ በሰባት ወሯ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልጁ ከእትዬ ኡሙሀኒ መዳፍ ብዙም አይተርፍም። በባዘቶ ጠቀለሉት። ጭሱ እንዳይታይ ቀን እሳት ስለማይነድ፣ ሌሊት ያጋሉትን ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለው ከእግሩ ሥር አኖሩለት። ብልሃት መሆኑ ነበር። ጨርቁ ተንሸራተተና ድንጋዩ ተረከዙን አቃጠለው።

ከዚያ ወዲያ ቁስሉን በየቀኑ ማጠብና ማር መቀባት ግድ ሆነ። መጀመሪያ ቀን ልጁ እንደ ድመት ግልገል ጮኸ። በማግስቱ ግንባሩን አጨማዶ ጣቶቹን ዘረጋ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ዝም አለ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ሕመሙ ለቀቀው” አሉ እትዬ ኡሙሀኒ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? ግን ልጁ ጡት ሲሰጡት አይስብም፤ ከንፈሩም ጠቁሯል። ያላመመው ልጅ ስለ ምን አይጠባም? ነገሩ ዞረባቸው።

በአራተኛው ቀን ሰሊሃ ልጁን ከባዘቶው አውጥታ ራቁቱን ደረቷ ላይ አስተኛችውና በነጠላዋ ሸፈነችው። “ቁስሉን እዚሁ ይጠቡለት” አለች። እትዬ እያጉረመረሙ ውሃውን ቢያስነኩት ልጁ ዋሻው እስኪያስተጋባ ጮኸ።

“አስለቀስሽው! ጣሊያኑን ልታስጠሪብን ነው? አምጪው፣ ወደ ቦታው ይመለስ!”

“አልሰጥም እትዬ።”

“ከእኔ ልታውቂ?”

“ቢቆጡኝም አልሰጥም።”

ሰሊሃ ሁለቱን እግሮቹን አጥፋ በመዳፏ ያዘች፤ አፉን ወደ ጡቷ አስጠጋች። እትዬ ማሩን ቀብተው ሳይጨርሱ ልቅሶው ወደ ስቅታ ወረደ። ከዚያ ልጁ ጡቱን ሳበ። ጠባ! ግንባሩ ተፈታ፣ ፊቱም ቀላ፤ እንደጎረሰ እንቅልፍ ወሰደው።

እትዬ ኡሙሀኒ ማሩ ጣታቸው ላይ እንዳለ ቀሩ። ዝም ሲል ሊሞት ነበር፤ ሲያለቅስ ዳነ። ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው? ለካ ማልቀስም አቅም ይጠይቃል?

“እትዬ፣” አለች ሰሊሃ ቀና ብላ፣ “ያን ጊዜ ዝም ሲል እያመመው ኖሯል?”

እትዬ ማር የነካውን ጣታቸውን ጠረጉ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት እሳቸውም ያለ ወሯ የመጣች ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ለብቻዋ በባዘቶ ጠቅልለው አስተኟት፤ እህ ሳትል በሦስተኛ ቀኗ ሞተች። ለቅሶ ለመጣው ሁሉ “ምንም ሳያማት ነው የሄደችው” እያሉ ነገሩት። ራሳቸውም በዚያች ቃል ተጽናንተው ኖሩ።

“ልጄን አሟት ነበር” አሉ በመጨረሻ፣ እንባቸው እየወረደ።

ሰሊሃ ስለ የትኛዋ ልጅ እንደሚያወሩ አልገባትም።