ሳባ ከኮራሉ ማዶ የጠፋችበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ በሰው አገር፣ ቤልትላይን በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማችን ሊፍት ውስጥ አንድ ጎረቤታችን የመጥለቂያ መነጽርና ሰፋፊ የጎማ መቅዘፊያ ታቅፎ ገባ። ውጭ በረዶው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሜክሲኮ ሊዋኝ እንደሚሄድ ነገረን። ባለቤቴ ሳባ ሳቅ አለች። እኔ ግን ልቤ ድንግጥ አለ።

በወጣትነታችን ሁለታችንም ጅቡቲ ነበርን፤ ገና አልተጋባንም። እኔ ጋራዥ ውስጥ የከባድ መኪና ፍሬን እጠግናለሁ፤ እሷ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራለች። የዚያ አገር ሙቀት ጋብ የሚለው በታኅሣሥና በጥር ነው። በዚያ ሰሞን፣ አንድ አርብ፣ ጥቁር ድንጋይ ብቻ የሚታይበትን መንገድ አቋርጠን ታጁራ ባሕር ዳር ወረድን። አሊ የሚባል አፋር ዓሣ አጥማጅ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አዋሰን።

"ከኮራሉ ማዶ አትሂዱ፤ ባሕሩ ይስባል" አለን በተሰባበረ አማርኛ፣ ውኃው ውስጥ የሚታየውን የኮራል ድንጋይ እያሳየን።

ሳባ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገች ዋናተኛ ናት። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ውኃው ከወገቤ ካለፈ ወደ ዳር እሸሻለሁ። ቢሆንም ወገቤ ድረስ ገብቼ ፊቴን ነከርኩ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከሥሬ ያለው ድንጋይ ሁሉ ሕይወት ነበረው፤ ቢጫና ሰማያዊ ዓሣዎች በጣቶቼ መሃል ያልፋሉ። ለካ ከዚያ ሁሉ ግለት ሥር ይህን የመሰለ ዓለም ተደብቋል!

ቀና ስል ሳባ የለችም። ቱቦዋም አይታይም።

ስሟን እየጠራሁ በዳርቻው ሮጥኩ። አሊ ጀልባውን ገፍቶ ገባ። ባሕሩ ዝም ብሎ ያብረቀርቃል። ለእናቷ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው እያልኩ ጮህኩ።

በመጨረሻ ባሕሩ ዳር ካለው ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ፣ መነጽሯን አንጠልጥላ፣ በባዶ እግሯ እያነከሰች ብቅ አለች።

"ምን ሆነህ ነው? ጩኸትህ እኮ እዚያ ድረስ ይሰማል!"

እዚያው ውኃው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሳቅም ልቅሶም ባንድ ላይ መጣብኝ።

"ኤሊ አይቼ ስከተል ውኃው ወሰደኝ" አለች። "አልታገልኩትም፤ ተንጋልዬ ተንሳፈፍኩ። ቋጥኙን አዙሮ ዳር አወጣኝ።"

አሊ ተመልሶ በቋንቋው ደህና አድርጎ ተቆጣት፤ ከዚያ ፍም ላይ ዓሣ ጠበሰልን። በሎሚና በሚጥሚጣ እየበላን ሳለ "እንጋባ" አልኳት።

"ስለደነገጥክ ነው?"

"አዎ።"

"ጥሩ። በል መጀመሪያ አፍህን ጥረግ።"

ዛሬ ሳባ አየር ማረፊያ ትሠራለች። ትናንት ከሺፍት የምትመለስበት ሰዓት አልፎ ስልኳ አልነሳ ሲል መስኮቱ ጋ ቆሜ ጠበቅኳት። ትከሻዋ ላይ በረዶ ይዛ ገባች።

"ባሱ ሌት ሆኖ አዘገየኝ፣ ፎኔም ቻርጅ ጨርሷል። ምነው ቆመሃል?"

"እንዲያው ነው" አልኳት፤ ኮቷን ተቀበልኳት። ልጆች አሳድገናል፣ ጸጉራችን ነጥቷል፤ በበር በገባች ቁጥር ግን ያ የታጁራ እፎይታ እንደ አዲስ ይመጣልኛል። ያ ቀን እስካሁን አላለቀልኝም።