የአባቴ ፔዳል ስቲልና የእኔ የጸሎት ርዕስ

ባለፈው ወር አባቴ እኔ ቤት ረስቶት የሄደውን ወፍራም ጃኬት ላውንደሪ ልወስድ ኪሱን ስፈትሽ አንድ ነገር ጣቴን ወጋኝ። አወጣሁት። ጣት ላይ የሚጠለቅ፣ ጫፉ እንደ ጥፍር የታጠፈ ትንሽ ብረት ነው። አንቺ ብታዪው የተሰበረ ቀለበት መስሎሽ ትጥዪው ነበር። እኔ ግን አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋሁትና አሸተትኩት፤ ዛሬም የማሽን ዘይት ይሸታል። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፤ ያቺን ብረት ሳይ ግን ያቺው ማይክ የጨበጠች የአሥራ ሰባት ዓመት ጉረኛ ሆኜ አረፍኩት።

መጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ፔዳል ስቲል ይሉታል። ጊታር ነው፣ ግን ደረት ላይ አይታቀፍም፤ አራት እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ ነው የሚመስለው፣ ክሮቹ ላዩ ላይ ተዘርግተዋል። ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጥና በቀኝ ጣቶቹ እነዚያን የብረት ጥፍሮች አጥልቆ ክሩን ይነካል፣ በግራ እጁ ለስላሳ የብረት ዘንግ ያንሸራትታል። ከሥር እንደ መኪና ፔዳል አለው፣ በጉልበት የሚገፋ ማንሻም አለው። ፔዳሉን ሲረግጠው ድምፁ ሳይቆረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሳባል። እንባ የተናነቀው ሰው እንደምንም ብሎ ሲናገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው።

አባቴ ደግሞ መካኒክ ነው። ያኔ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር፣ ጋራዡ ግን ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ስለነበር በየቀኑ ድልድዩን ተሻግሮ ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ ነጭ ሽማግሌ የፒካፑን ብሬክ ሊያሠራ መጣ። ከኋላው ይኸው ጊታር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ሰውየው ሳውዘርን ሮክ የሚሉትን የደቡብ ነጮች ሙዚቃ በሚጫወት አንድ የቆየ ባንድ ውስጥ የስቲል ተጫዋች ነበር፤ ሁሉም ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ ነጭ ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ የሚወርድ፣ ቡትስ የሚያደርጉ ሰዎች ባንድ። ከጊታሩ ሥር አንድ ዘንግ ተሰብሮ ፔዳሉ አልሠራ ብሎታል። አባቴ ብሬኩን ትቶ ጊታሩ ሥር በጀርባው ተንጋለለና “ይሄማ የእኛ ሥራ ነው” አለ አሉ። ዘንጉን እዚያው ጋራዥ ውስጥ ቀርጾ ገጠመለት። ከዚያ “እስቲ ምን እንደሚል አሳየኝ” አለው። ያቺ “እስቲ” ሦስት ዓመት ወሰደች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌው ከሥራ መውጫ ላይ እየመጣ አስተማረው። ጣቶቹ በሪህ አልታዘዝ ሲሉት ደግሞ ጊታሩን ለአባቴ ሰጠው፣ ለባንዱም “ከእንግዲህ የእኔ ወንበር የእሱ ነው” ብሎ አስረከበው። አስቢው እንግዲህ፣ ሐበሻ መካኒክ በእነዚያ ሁሉ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌዎች መሐል! እናቴ “ቢያንስ ካርታ አይጫወትም” ብላ ተወችው።

መጀመሪያ ያየሁት ሾው አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር ያለ ፓርክ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት። የወንዙ ሽታ፣ የሚጠበስ ሥጋ፣ ሰዉ የተቀባው የጸሐይ ክሬም፣ ሁሉም ተቀላቅሎ ይሸታል። አባቴ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሳትን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነበር የሚጫወተው፣ ፔዳሉ እንዲሰማው። ሁለቱ ጊታሮችና ከበሮው ሲያናጉት የቆየው መድረክ ድንገት ጸጥ አለና ዘፋኙ ከማይኩ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ፤ ለአባቴ ቦታ ለቀቀለት ማለት ነው። ያ ድምፅ ወጣ። አጠገቤ ሳንድዊች የምትበላ ሴት ማኘኳን አቆመች። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ለማላውቀው ሰው ሁሉ “ዛትስ ማይ ዳድ” እያልኩ ስዞር ዋልኩ። ይሄን የምነግርሽ ኋላ ምን እንዳደረግሁ ስትሰሚ አላወቀችም እንዳትዪልኝ ብዬ ነው። በደንብ አውቅ ነበር።

አሥራ ስድስት ሲሞላኝ መዘምራን ገባሁ። በዚያ ክረምት የወጣቶች ኮንፈረንስ ሄድኩና በመንፈስ እሳት ተቀጣጥዬ ተመለስኩ። ስልኬ ላይ ያለውን ዘፈን ሁሉ ዲሊት አደረግሁ። ከዚያ ዓይኔ አባቴ ላይ አረፈ።

“አባዬ፣ ኢትስ ወርልድሊ፣ ዓለማዊ ነው” እለዋለሁ።

“ምኑ?”

“ሙዚቃው ነዋ! ስለ ውስኪ እኮ ነው የሚዘፍኑት።”

“እኔ መቼ አፌን እከፍታለሁ? እኔ ብረት ነው የምገፋው። ብረት ምን ኃጢአት አለው?” ይልና ይስቃል። ሳቁ ያናድደኝ ነበር። ቁም ነገር አድርጎ ቢከራከረኝ እመርጥ ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን ከስብከቱ በፊት የጸሎት ርዕስ ያለው ሰው ማይክ ይሰጠዋል። አንዷ ለመኖሪያ ወረቀት ጉዳይዋ፣ አንዱ አገር ቤት ለታመመ ወንድሙ ያስጸልያል። ነገሩ ከበድ ካላለ ደግሞ ሰው ሞቅ ብሎ አይጸልይልሽም፤ ይሄን ማንም አይናገረውም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ አንድ እሁድ፣ ከእኔ በፊት አንዲት እናት ልጇ ሆስፒታል እንደተኛ ተናግራ አዳራሹ በእንባ ታጠበ። ከእሷ ቀጥሎ ማይኩ እጄ ገባ። እግዚኦ! እኔ ምን ልበል? አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክ ውስጥ ጊታር ይጫወታል ልበል? ማን ያለቅስልኛል?

“ቅዱሳን፣ አባቴን በጸሎት አስቡልኝ” አልኩ። “ቅዳሜ ቅዳሜ መጠጥ ቤት ነው የሚጫወተው። ጌታ ከዚያ ቤት እንዲያወጣልኝ።”

መጠጥ ቤት! አንድም ቀን መጠጥ ቤት ተጫውቶ አያውቅም። ሾዎቹ ሁሉ በጠራራ ጸሐይ ነበሩ፤ ፓርክ ውስጥ፣ ካውንቲ ፌር በሚሉት የወረዳ ባዛር ላይ፣ ሕፃናት አይስክሬም እየላሱ የሚሯሯጡበት። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ሰማኋት። መመለስም እችል ነበር፣ ማይኩ ገና እጄ ላይ ነው። አልመለስኩም።

አባቴ ከእናቴ ጎን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ። ንዴት አልነበረበትም። አንድ መኪና እንግዳ ድምፅ ሲያሰማው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጆሮውን ሰጥቶ የሚያየው አስተያየት ነበር። ወዲያው ሰዉ ከበበው። ትከሻው ላይ፣ ጀርባው ላይ፣ ራሱ ላይ እጅ ተጫነበት፤ አዳራሹ በጸሎት ተናጋ። በእጆቹ መሐል የማየው የነጭ ሸሚዙን ኮሌታ ብቻ ነበር። እናቴ ደግሞ እኔን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። እሷም ፓርኩን ታውቀዋለች።

ስንወጣ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አባቴን ወደ ጎን ወሰዱት። “ወንድሜ፣ ቤቱ የት ነው? አብረን ሄደን እንነግራቸዋለን” ሲሉት ሰማሁ።

“ትቼዋለሁ” አለ አባቴ። “ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ።”

ሃሌሉያ ብዬ ጮህኩ፣ ምላሴን በቆረጠው! በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ወጥቼ ጸሎታችን ተመለሰ ብዬ መሰከርኩ። አጨበጨቡልኝ።

በዚያው ሳምንት የባንዱ ዘፋኝ ቤታችን መጣ። አባቴ መተዉን በስልክ ብቻ ነበር የነገረው። ያ መድረክ ላይ ግዙፍ የሚመስለኝ ሰውዬ ሶፋችን ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እናቴ ሻይ ሰጠችው። “ምን አጠፋን?” ነው የሚለው ደጋግሞ በእንግሊዝኛ። አባቴ “ምንም። ፋሚሊ ነው” አለው። ሰውየው ወደ እኔ ዞረና “አንቺ ትወጂው አልነበር? ከፊት ቆመሽ ታጨበጭቢ አልነበር?” አለኝ። ምንጣፉን አየሁ። አባቴ ቶሎ ብሎ “ሆምወርክ አለባት” አለና ወደ ክፍሌ ላከኝ። ያኔ የገላገለኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ባንዱን ከተወ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ለአምልኮ ይጠቅማል ተብሎ ጊታሩን ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥቶ ነበር። ግማሽ መዝሙር ተጫወተ። አንዲት የመዘምራን ልጅ “ዘፈን ዘፈን ይላል” ስትል ሰማት። መዝሙሩ ሲያልቅ የጊታሩን እግሮች አንድ በአንድ ፈታ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ፣ ለባንዱ መለሰው። የሚገርምሽ፣ ዛሬ የእኛው መዘምራን ኪቦርድ ላይ ያንኑ የስቲል ድምፅ መርጠው በየእሁዱ ያስለቅሱናል። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማል።

እንግዲህ ያቺን ብረት ካገኘሁ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። አባቴና እናቴ አሁን ጌይተርስበርግ ነው ያሉት። ሄጄ “አባዬ፣ ፔዳል ስቲል ላምጣልህ?” አልኩት። ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉም። “ጊዜው አለፈ፣ የእኔ ልጅ” አለ፣ በጣም ቀለል አድርጎ፤ ወተቱ አለቀ እንደሚል ሰው።

እምቢ ሲል ለምኜ ባለፈው ቅዳሜ ሾው ወሰድኩት። ባንዱ ዛሬም አለ፤ ከድሮዎቹ የቀሩት ዘፋኙና ከበሮ መቺው ብቻ ናቸው። ዘፋኙ አሁን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው የሚዘፍነው። ስቲሉ ላይ ያለችው አንዲት ወጣት ናት፣ ከእኔ ታንሳለች። ሣሩ ላይ ታጣፊ ወንበሮቻችንን ዘርግተን ተቀመጥን። አንዱ ዘፈን አልቆ ሰዉ ሲያጨበጭብ፣ በጭብጨባው መሐል አልኩት። ጸጥ ባለ ቦታ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም።

“አባዬ፣ ያን ጊዜ መጠጥ ቤት ያልኩት ውሸቴን ነበር።”

“አውቃለሁ” አለ።

“ታውቃለህ?”

“ምን ማለትሽ ነው? ተጫዋቹ እኔ አይደለሁ እንዴ?”

ወይ ቂልነቴ! ይሄን ሁሉ ዓመት ምስጢር ብዬ ደብቄ የኖርኩት ከእሱ ነበር። በዓለም ላይ ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው እሱ ነው፤ እኔ ግን አንድ ቀን ቢሰማ ምን ይለኛል እያልኩ ስሸሽ ኖርኩ።

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?” አልኩት። “ማይኩ እኮ አጠገብህ ነበር።”

“ምን ልበል? ልጄ ቆማ ሰው ሁሉ እያለቀሰላት፣ ተነስቼ ዋሸች ልበል? ከዚያ በኋላ ማን ያምንሻል? የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቤቱ የት ነው አሉኝ። ፓርክ ነው ብላቸው አንቺ ውሸታም ልትሆኚ ነው። መጫወቴን ብቀጥል ደግሞ አንድ ቀን መጥተው ያዩታል፣ ያው ነው። ብተወው ግን ማንም አይጠይቅም።” ትከሻውን ሰበቀ። “ተውኩት።”

ለእምነት ብሎ የተወው መስሎኝ ነበር። ለእናቴ ብሎ መስሎኝ ነበር። በሰው ፊት ማፈሩን ፈርቶም መስሎኝ ነበር። ለእኔ ስም ብሎ ነው። ያለቀስኩት ለቅሶ አጠገባችን የነበሩትን ሰዎች ወንበራቸውን ፈቀቅ አስደርጓቸዋል።

“ተቆጣኝ እንጂ!” አልኩት። “አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተኸኝ አታውቅም። በናትህ አባዬ፣ አንድ ጊዜ ተቆጣኝ።”

መድረኩ ላይ ጊታሮቹ ዝም አሉ። ልጅቷ ብቻዋን ቀረች፣ ያ ድምፅ እየተሳበ ወጣ። አባቴ ፊቱን ከእኔ ወደ እሷ አዞረ።

“እሺ” አለ። “በይ ዝም በይ፤ ልስማበት።”

ዝም አልኩለት።